«ድመቷ ከአልጋ ሥር አልወጣ አለች፤ ልጣላት ወይ?»

ሳምንቱ እንዴት አለፈ? እኔ ከታክሲ ሰልፍና ከቤት ኪራይ በቀር ምንም ክፉ አልነካኝም።

ባለፈው ሳምንት የጀመርኳት፣ የፍቅረኛን ስልክ ስለ መበርበር የምታወራው ጨዋታ ዛሬ ትቀጥላለች ብዬ ነበር። ቃሌን በላሁ፤ ይቅር በሉኝ። አንድ ደብዳቤ ደረሰኝና ሌላውን ሁሉ አስረሳኝ። ስለ ፍቅር አይደለም። ወይም ምናልባት ነው፤ እናንተው ፍረዱ። ጸሐፊው ስሙን እንዳላወጣ ስለለመነኝ ስሙን ትቼ ጽሑፉን ብቻ ላስነብባችሁ፦

«እድሜዬ 24 ነው። አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ማታ ከሥራ ስገባ ዝናቡ ያወርደዋል፤ ቱቦ አፍ ላይ አንዲት ድመት ተኮራምታ አየሁ። አሳዘነችኝና በጃኬቴ ጠቅልዬ ቤቴ አስገባኋት። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አልጋዬ ሥር ናት። የምትበላው እኔ ስተኛ ብቻ ነው። ስጠራት ጥርሷን ታሳየኛለች። ልነካት ስል ደግሞ ቧጨረችኝ። ጓደኞቼ ‹ድመት ውለታ አታውቅም፣ ወርውራት› እያሉ ሙድ ይይዙብኛል። እኔም ሰለቸኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ከፍቶኛልም። ያን ያህል የማስፈራ ሰው ነኝ እንዴ? ልጣላት ወይስ ምን ላድርግ?»

«ያን ያህል የማስፈራ ሰው ነኝ እንዴ?» የምትለዋ ናት ልቤን ያገኘችው። ይቺን ጥያቄ እኔም ራሴን ጠይቄያታለሁ፤ ያውም በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ጭንቅላቴን አልጋ ሥር ከትቼ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ የተማርኩት የኑሮን ትምህርት ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን በደም የተከፈለ ልምድ አለኝ። ማጋነን አይደለም፣ በደም! በቀኝ እጄ አውራ ጣት ሥር ሁለት ነጠብጣብ የምታህል ጠባሳ አለች። ታሪኳን እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ግን ወንድሜ፣ አንተን ላስቁምህ። «ቧጨረችኝ» ብለህ እንደ ዘበት አልፈኸዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ይይዘዋል፤ በንክሻም በጭረትም ወደ ሰው ይተላለፋል። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ስለዚህ ድመት ነከሰችም ቧጨረችም፣ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ፌጦም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ አረቄም አይተካውም። መቼ እንደቧጨረችህ አልጻፍክልኝም፤ መቼም ይሁን መቼ ዛሬውኑ ሄደህ ንገራቸው። ጋዜጣውን በኋላ ትጨርሰዋለህ።

አሁን ወደ ታሪኬ።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ገደማ ነው። ያኔ ድረስ የምኖረው ፒያሳ አካባቢ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው አንዲት እናት ነበሩ። ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ስስቅ ይሰማሉ። ሰፈሩ ለልማት ተነሣና እሳቸው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ። እኔ ደግሞ ኮተቤ በኩል አንድ ሰርቪስ ቤት ተከራየሁ። ገና ዕቃዬን ሳልፈታ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ያቺን ድመት አየሻት ወይ?»

የትኛዋን ድመት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ጥቁርና ብርቱካናማ የተቀላቀለባት፣ ልክ ድስት ውስጥ የተገላበጠ ፍርፍር የምትመስል ዥጉርጉር ድመት ነበረች። ጠዋት ጠዋት የእማማ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ፍትፍቷን ትጠብቃለች። በልታ ስትጨርስ በአጥሩ ቀዳዳ ላሽ ትላለች። እማማ ሲሄዱ ሊይዟት ሞክረው አልተያዘችላቸውም።

«ስሟ ማን ነው እማማ?» አልኳቸው።

«ምን ስም አላት። ‹አንቺ› ነው የምላት።»

በማግስቱ ሄድኩ። ምን አለፋችሁ፣ ቤቱ የለም፤ የእማማ ደጃፍ የነበረው ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። ድመቷ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላለች። ሰዓቷ ነዋ! ቁርሷን እየጠበቀች ነው።

አንድ የሰፈር ልጅ አገዘኝና በሳርዲን አታለን ጆንያ ውስጥ አስገባናት። ሚኒባስ ውስጥ ጆንያው ጭኔ ላይ ሲንፈራገጥ ረዳቱ አየኝና «እህት፣ ዶሮ ከሆነ ይከፈልበታል!» አለኝ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «በሁዳዴ ዶሮ?» ብለው አማተቡ። ዶሮ አለመሆኗን ጆንያው ውስጥ ሆና ራሷ በድምጿ ተናገረች። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ጀግና ነበርኩ፣ ነፍስ አዳኝ! ዛሬ ማታ ጭኔ ላይ ተኝታ ሳሻሻት ይታየኝ ነበር።

ቤት ስደርስ የሠራሁትን ስህተት ልዘርዝርላችሁ ብል አምዱ አይበቃኝም። ቁንጫ ታመጣብኛለች ብዬ በዚያችው ማታ በሳፋ ውኃና በልብስ ሳሙና ላጥባት ሞከርኩ። ከሳፋው ዘልላ ወጥታ ረከቦቱን ገለበጠችው፤ ከስድስት ስኒ ሁለት ተረፈ። ከዚያ ላባብላት ብዬ ወተት ሰጠኋት። አዋቂ ድመት ብዙውን ጊዜ ወተት አይስማማትም፣ ሆዷን ያስቀምጣታል። አስቀመጣት። ያውም አልጋ ሥር! በሦስተኛው ቀን ደግሞ የግቢውን ልጆች ጠርቼ በእጅ ባትሪ አልጋው ሥር እያበራን «ውሮ! ውሮ!» ስንላት አመሸን። በዚያ ዕድሜዬ! እሷ ግድግዳው ጥግ ተለጥፋ ዓይኗ እንደ ሁለት ፋኖስ ያበራል፤ ጆሮዋ ወደ ኋላ ጭራሽ ጠፍቷል። እኔ ደግሞ «ዓይኗ እንዴት ያምራል!» እላለሁ። ፈርታ እንደሆነ እንኳ አልገባኝም።

እሷን ሆናችሁ አስቡት። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ያህል የሚደርስ ድምፅ ነው፤ የድመት ጆሮ ግን ከ60 ሺህ በላይ ይሄዳል። እኛ የማንሰማው ሁሉ እሷ ላይ ይጮኻል ማለት ነው። የድስት ክዳን ሲወድቅ ለኛ «ቋ» ነው፤ ለእሷ ምን እንደሆነ እንጃ። ደግሞ ድመት አዳኝ ብቻ አይደለችም። ትንሽ እንስሳ ስለሆነች ራሷም የምትታደን ናት። ከላይ የሚመጣ እጅ፣ አፍጥጦ የሚያይ ዓይን፣ ጥግ ላይ መያዝ… ይሄ ሁሉ እሷ ዓለም ውስጥ ሊበላኝ ነው ማለት ነው። እኛ ፍቅር እንለዋለን።

አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። የዚያን ቀን ሥራ ቦታ ተናድጄ ነበር የገባሁት። ደህና ሰው እንኳ ሰላም ሳይለኝ ውዬ ቤቴ ስገባ ያዳንኳት ድመት ጥርሷን ታሳየኛለች! «ነይ እንጂ፣ አልገድልሽም!» ብዬ እጄን ሰድጄ ጎተትኳት። ቀጣዩን ታውቁታላችሁ። ጥርሷ አውራ ጣቴ ሥር ገብቶ አጥንት የነካ መሰለኝ። እሷ ተመልሳ ጥጓ ገባች። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከሕመሙ ይልቅ ውርደቱ።

ጤና ጣቢያ ያገኘሁት ወጣት ባለሙያ ቁስሉን እንደገና አጥቦ ክትባት አስጀመረኝ። ከዚያ «ድመቷ የት ናት?» አለኝ።

«ቤት። አልጋ ሥር።»

«ጎሽ። 10 ቀን እንዳትጠፋብሽ። በልታ ጠጥታ በጤና ከቆየች የቀረውን ክትባት ልናቋርጥልሽ እንችላለን። ከታመመች፣ ከሞተች ወይም ከጠፋች ግን ወዲያው ነይ።»

እኔ ይሄን ይዤ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ግቢ ገብቷል። አከራዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ያበደች ድመት ግቢዬ ውስጥ አላስቀምጥም። ዛሬውኑ ትውጣ!»

«እትዬ፣ ካባረርናት ማበድ አለማበዷን በምን እናውቃለን? ሐኪሙ አሥር ቀን ጠብቂያት ብሎኛል፤ ለኔ ሲሉ ይታገሱኝ።»

ዝም ብለው አዩኝ። «አሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ራሴ ነኝ የማወጣት» ብለው ገቡ።

እንዲህ ሆኖ ነው ነገሩ የጀመረው። ለአሥር ቀን ሥራዬ አንዲት ድመት መጠበቅ ሆነ። መንካት አልደፍር፤ እጄ በፋሻ ተጠቅልሏል። ማባረር አልችል። ማየት ብቻ! አልጋው ትይዩ ካለው ግድግዳ ሥር ሰሌን አነጠፍኩና ማታ ማታ እዚያ መቀመጥ ጀመርኩ። በአንድ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፦ በላች፣ ጠጣች፣ ሽንቷን ሸናች። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን ማየት የጀመርኩት። ከዚያ በፊት የማየው የኔን ደግነት ነበር።

ደብተሩ ላይ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ሰዓት ነው። እማማ ዘንድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር የምትበላው። እኔ ግን ሲመቸኝ፣ አንዳንዴ ማታ ሦስት ሰዓት እየጣልኩላት «አትበላም» እላለሁ። ሰዓቷን ጠብቄ፣ ሰሀኑን በዚያው ቦታ አስቀምጬ መራቅ ስጀምር በሦስተኛው ቀን እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ ወጥታ በላች። እያየችኝ ነው የምትበላው፣ አንድ ጉርሻ ለሆዷ አንድ ዓይን ለኔ። እኔ ጋዜጣ ዘርግቼ ያላየሁ መሰልኩ። ልቤ ግን ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ ትመታ ነበር።

ከሙዝ ነጋዴ ካርቶን ለመንኩና በጎኑ አጋድሜ አሮጌ ሹራቤን አነጠፍኩበት። ካርቶን ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ አንድ የድመቶች መጠለያ ላይ በተደረገ ጥናት፣ መደበቂያ ሣጥን የተሰጣቸው አዲስ ገቢ ድመቶች ካልተሰጣቸው ቶሎ ተረጋግተው ተገኝተዋል። እኔ ይሄን ያነበብኩት በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ አልጋ ሥር ያለው ሲሚንቶ ብርዱ ብቻ ነበር። መደበቂያ ከነሳችኋት ሁሌ እንደተደበቀች ትኖራለች። ከሰጣችኋት ግን ጭንቅላቷን ብቅ ታደርጋለች። ለመጸዳጃዋ ደግሞ የዘይት ጀሪካን ታችኛውን ግማሽ ቆርጬ፣ ከእንጨት ቤት ያመጣሁትን ሳጋቱራ ሞላሁበት። በአንድ ቀን ገባት! ይሄን ያህል የከተማ ልጅ ናት።

በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ሻማ አብርቼ ሰሌኑ ላይ ተቀምጫለሁ፣ እንቅልፌ መጥቷል። ዓይኔ በዝግታ ክድን፣ ግልጥ ይላል። ድመቷ ከካርቶኗ አፍ ላይ ሆና ታየኛለች። ድንገት እሷም ዓይኗን በዝግታ ጨፈን አድርጋ ገለጠች። አጋጣሚ መሰለኝ። እንደገና ጨፈን አደረግሁ። እሷም ደገመችው። ወይ ጉድ! ሁለታችን በሻማ ብርሃን እንዲህ ስንባባል ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ለካ ነገሩ የታወቀ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የሰሴክስና የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሞክረውት፣ ሰው በዝግታ ሲያርገበግብላቸው ድመቶችም መልሰው እንደሚያርገበግቡ፣ ወደተዘረጋው እጅም ይበልጥ እንደሚቀርቡ አሳትመዋል። ማፍጠጥ ጠብ ነው፤ ዓይንን ጨፈን ማድረግ ግን ጀርባዬን ሰጥቼሃለሁ እንደማለት ነው። ወንድሜ፣ ይቺን ዛሬውኑ ሞክራት፤ ገንዘብ አትጠይቅም።

አሥራ አንደኛው ቀን ነጋ። ድመቷ ጤነኛ ናት፣ ክትባቴም ሊቋረጥ ነው። አከራዬ ግን ቃላቸውን አልረሱም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው በሬ ላይ መጡ። ካርቶኑን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ለካ እቃ ቤታቸውን አይጥ ሲያምሰው ከርሟል።

«ለመሆኑ አይጥ ትይዛለች?»

«እንዴታ እትዬ! ፒያሳን ያጸዳች ናት እኮ!»

እግዜር ይቅር ይበለኝ። በወቅቱ ይቺ ድመት የራሷ ጥላ ሲያልፍ የምትሸሽ ነበረች። ቀረችልኝ።

ስለ ምግቧ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የምንስተው እዚህ ጋ ነው። ድመት ሥጋ በል ናት። እንደ ውሻ የተገኘውን በልታ አትኖርም፤ ያለ ሥጋ ጤናዋ ይጎዳል። ያመጣኋት ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ስለነበር ሰፈሬ ያለው ልኳንዳ ዝግ ነው። የሙስሊም ልኳንዳ ቤት ባይኖር ኖሮ ሁለታችንም ሽሮ ላይ ነበርን። ሳንባም ቅንጥብጣቢም እየገዛሁ፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ ቀቅዬ እሰጣታለሁ። እንቁላልም ትወዳለች። ወጥ ግን በፍጹም! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል፤ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምን ወጥ ነው? እማማ አራት ዓመት በወጥ ፍትፍት እንዴት እንዳቆዩዋት እኔ አላውቅም፤ ማታ ማታ አይጥና ወፍ እየደረበች መሆን አለበት። ደግሞ ታመመች ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት፤ ለኛ የራስ ምታት ክኒን ለሷ መርዝ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እህል ካልቀመሰች ደግሞ ፍርሃት ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። እግረ መንገዳችሁንም የእብደቱን ክትባት አስከትቧት፣ ማምከኑንም ጠይቁ። አንዲት ድመት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለምትወልድ ግቢያችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ መንደር ይሆናል።

በግቢያችን አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤት ነበረች። «ድመት ካለ ልጄ ይሞታል አሉኝ» ብላ ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች። ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ፅንስንም ይጎዳል። ነገር ግን ዓይነ ምድሩ ከወጣ በኋላ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል። በየቀኑ ከተጠረገና ነፍሰ ጡሯ ራሷ ካልነካችው አደጋው ይቀንሳል። ያው ተውሳክ በጥሬ ሥጋም ይመጣል። ይሄን ስነግራት «እንዴ! ታዲያ ክትፎውስ?» አለች። በደንብ ይብሰል፣ አልኳት። እስከ ዛሬ ያኮረፈችኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀጥ ያለ መንገድ እንዳይመስላችሁ። ለፋሲካ ዋዜማ ግቢው ውስጥ ዶሮ ሲታረድ ጠፍታ፣ ቁም ሣጥን ጀርባ አገኘኋት። ግንቦት ላይ መስኮቱ ጋ መቀመጥ ጀመረች። ሰኔ ሲገባ በረዶ ቆርቆሮውን ደበደበውና ተመልሳ አልጋ ሥር፣ ሁለት ቀን ሙሉ! «በቃ፣ ዜሮ ገባን» አልኩ። ግን ዜሮ አልነበረም። በመጀመሪያ ከሁለት ሳምንት በላይ የፈጀባት ያሁኑ ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀው። ሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰሀኗ ጋ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

የነካኋት… አይ፣ እኔ አልነካኋትም። እሷ ናት የነካችኝ። እሑድ ነው፤ ሰሌኑ ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ከካርቶኗ ወጣች፣ ጭራዋን ወደ ላይ አቁማ። ጭራ ሲቆም ሰላምታ ነው። መጣችና ጉንጯን ጉልበቴ ላይ አሸት አድርጋኝ አለፈች። ምስሩን እንደያዝኩ ደረቅሁ። ተመልሳ መጣች። ጣቴን በአፍንጫዋ ከፍታ ዝቅ አድርጌ ዘረጋሁላት፣ አሸተተችው፤ የነከሰችውን አውራ ጣት! ከዚያ ጭንቅላቷን ራሷ አስደገፈችው። ጉንጯን ሦስት ጊዜ ያህል አሻሸሁና እጄን መለስኩ። ይሄ መመለስ ከባድ ነው። ሙሉውን ልትወስዱ ትፈልጋላችሁ፣ ማቀፍ፣ መሳም። መልሱ! ሂጂ የሚላትም ያዣት የሚላትም የለም፣ ቆመች። ሆዷ ውስጥ ሞተር እንደተነሳ «ኽርርር» ማለት ጀመረች።

ስሟን የዚያን ቀን አወጣሁላት። ፍርፍር።

ለእማማ ደወልኩላቸው። እሳቸውም ፎቁ ደረጃ ጉልበታቸውን እያስቸገራቸው ብዙም አይወጡም።

«እማማ፣ ነካኋት።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አራት ዓመት ሙሉ አበላኋት» አሉ ቆይተው፤ «አንድ ቀን እንኳ አልነካኋትም። እጄን ሳነሳ ትሄድብኝ ነበር፤ እንዳትቀርብኝ ብዬ ተውኩት።» እንደገና ዝም አሉና፣ «ጠጉሯ እንዴት ነው ልጄ? ሻካራ ነው?»

«አይ፣ ለስላሳ ነው እማማ። እንደ ጥጥ።»

«እኔ ሻካራ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ስልኩን ጆሮዋ ሥር አስጠጋሁላቸውና ሞተሯን ሰሙ። እስቲ ንገሩኝ፣ ከዚያ አራት ዓመት ፍትፍት ውስጥ የኔ ድርሻ ምን ያህል ነው? ሰው በእጅ አለመነካት ሳይገደል ማደር እንደሚቻል ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እኔ የደረስኩት ለመከሩ ነው።

ጓደኞችህ «ድመት ውለታ አታውቅም» ላሉህ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ድመትን ከዱር በገመድ ጎትቶ ያመጣት ሰው የለም። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፣ አይጡን ተከትላ እሷ መጣች፣ ደስ ሲላት ቀረች፤ አዋቂዎቹ የሚሉት ይሄንን ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ቁፋሮ ቆጵሮስ ደሴት ላይ 9 ሺህ 500 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር አግኝቷል፤ ከሰው ጎን ድመት ተቀብራለች። ዛሬም ያው ናት፤ ካልመረጠችህ አትመጣም።

ስለዚህ ልጣላት ወይ ላልከኝ፣ ሦስት ሳምንት ምንም አይደለም። ግን ልዋሽህም አልፈልግም። ድመት ከሰው ጋር የምትላመደው በተለይ ከተወለደች በሁለተኛውና በሰባተኛው ሳምንት መካከል ነው። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ ያላየች፣ ቱቦ ውስጥ ያደገች ከሆነች፣ ዕድሜ ልኳን ጭንህ ላይ ላትተኛ ትችላለች። የኔዋም እስካሁን አቅፌያት አላውቅም። አልጋዬ እግርጌ ትተኛለች፣ በቃ። እንግዳ ሲመጣ ካርቶኗ ውስጥ ናት። ምናልባት ያንተዋ ወራት አልፈውም ቤቱ ካስጨነቃት፣ ግቢ ውስጥ መጠለያ ሠርተህላት በሰዓቷ እያበላህ መኖርም አለ። እማማ እንደዚያ ነው የኖሩት። መወርወር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከማታውቀው ቱቦ አፍ አውጥተህ ወደማታውቀው ቱቦ አፍ።

ደግሞ የምታስፈራ ሰው አይደለህም። ትልቅ ነህ፣ ድምፅህ ወፍራም ነው፣ ጃኬት ውስጥ ጠቅልለህ ወስደሃታል፤ ይሄው ነው። ዛሬ ማታ ካርቶን ፈልግላት። ሰሀኗን አስቀምጥና ወለሉ ላይ ራቅ ብለህ ተቀመጥ፣ ጎንህን ሰጥተህ። ስልክህን እያየህ ቢሆን ምንም አይደለም። አትጥራት። ካየችህ ዓይንህን በዝግታ ጨፈን አድርግ። ከሁለት ወር በኋላ ጻፍልኝ፤ ካልወጣችም ጻፍልኝ።

የስልክ ብርበራውን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት እንመለስበታለን፤ በዚህኛው ቃሌን አልበላም። አንተ ግን ጋዜጣውን ጨርሰሃል፤ አሁን ያቺን ጭረት ይዘህ ጤና ጣቢያ ሂድልኝ።

ቸር ሰንብቱ!